የጓዳ በጀት አቆራረጥ በላምበረት

የቤተሰብ ወጪ ቅነሳ ኑሮ ሲወደድ በአባወራው ሰብሳቢነት ተወስኖ በእማወራዋ ሳህን ላይ የሚፈጸም የቤት ውስጥ ሥርዓት ነው። በመላው አዲስ አበባ ይሠራበታል፤ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ላምበረት ግን ወግና ደንቡ ሳይዛነፍ ይታያል። መሠረታዊ ሕጉ አንድ ነው፤ ጎረቤት የማያየው ወጪ ይቆረጣል፣ ጎረቤት የሚያየው አይነካም። ሌላው ሁሉ የዚህ ሕግ ማስፈጸሚያ መመሪያ ነው።

ሥርዓቱ የሚነሣበት ምክንያት አጥቶ አያውቅም። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. አምስት ሊትር የምግብ ዘይት ከ1,000 ብር አልፎ ተሸጠ። በዚያው ዓመት ግንቦት የዋጋ ንረቱ 37 ከመቶ ደረሰ። በ2015 ዓ.ም. የጤፍ ኩንታል 10,000 ብርን ተሻገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ፤ ዶላር አይተው የማያውቁ ጎመንና ቲማቲምም ተከትለውት ወጡ። በ2017 ዓ.ም. አንድ ሊትር ቤንዚን መቶ ብር አለፈ። እርግጥ ደመወዝም ተነሥቷል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ይህ ገንዘብ በ2015ቱ ዋጋ እንኳ ቢታሰብ ስድሳ ኪሎ ጤፍ ይገዛል፤ ስለዚህ ሠራተኛው ቤት ካልተከራየ፣ ታክሲ ካልተሳፈረ፣ ልብስ ካልለበሰና ወጥ ካላማረው ወሩን በደረቅ እንጀራ ያለ ችግር ይዘልቃል።

ስብሰባው የሚጠራው ከራት በኋላ ነው፤ የተራበ ሰው ስለ ቅነሳ በረጋ መንፈስ መነጋገር አይችልም። አባወራው «እስኪ ትንሽ እናስተካክል» ብሎ ይከፍታል። እማወራዋ በዚያ ሰዓት ሳህን እያጠበች ስለምትሆን ዝምታዋ በድጋፍ ድምፅነት ይያዛል። ከሥራ መልስ የሚጠጣው ድራፍት በአጀንዳ አይገባም። ድራፍት የሚመደበው በማኅበራዊ ግንኙነት ዘርፍ ሲሆን፣ ቅነሳው የሚመለከተው ደግሞ የምግብን ዘርፍ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ዙር የሚፈጸመው ጓዳ ውስጥ ነው። ዘይት ከጠርሙሱ መንቆርቆሩ ቀርቶ በማንኪያ ይለካል፤ ቀጥሎ ሽንኩርቱ በውሃ ይቁላላል። ሽሮው እንግዳ ሲመጣ ይወፍራል፣ ቤተሰቡ ብቻውን ሲሆን ይቀጥናል። ከሾላ ገበያ የተሸመተው ጤፍ ወፍጮ ቤት ሲደርስ ሩዝ፣ በቆሎና ዘንጋዳ ይቀላቀሉታል፤ የእነሱ ድርሻ ከወር ወር እየሰፋ ሄዶ በመጨረሻ ጤፉ ለስም ያህል ጣል ይደረግበታል። የደረቀው እንጀራ ፍርፍር ይሆናል። የተረፈ ፍርፍር ምን እንደሚደረግ ደንቡ አልደነገገም፤ የተረፈበት ቤት አልተገኘምና።

እያንዳንዱ ቅነሳ የጤና ምክንያት ይቀመጥለታል። በዚህ ረገድ የላምበረት አባወራ ከሐኪም አያንስም። ሥጋ የቀረው ሪህ ስለሚያመጣ ነው፤ ስኳር የቀነሰው ለስኳር በሽታ ተብሎ ነው፤ ዘይት ለልብ አይስማማም፤ የታክሲው ብር የቀረው ወክ ማድረግ ደም ስለሚያዘዋውር ነው። ከቁርሱ ላይ እንቁላል የተነሣበት የስድስት ዓመት ልጅም ከኮሌስትሮል ተርፏል። ይህ ሁሉ የጤና ጥንቃቄ ደመወዝ ባደገበት ሰሞን ለምን እንደሚረሳ ሕክምናው እስካሁን አላብራራም።

ሥጋን በተመለከተ ሃይማኖት ትልቅ ውለታ ውሏል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብም አሉ፤ በእነዚህ ቀናት ሥጋ ያልበላ ሰው ማጣቱ ሳይታወቅበት ጽድቁ ይቆጠርለታል። ችግሩ ፋሲካ ሲያልፍ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጾም ስም አልወጣለትም፤ ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም በአንድነት ስለሚጾሙት ግን በሃይማኖቶች መቀራረብ በኩል ከብዙ ጉባኤ የበለጠ ሠርቷል። ለበዓል ቅርጫ አለ። ስድስት ቤተሰብ ይካፈለው የነበረ በሬ አሁን ለአሥራ ሁለት ይዳረሳል፤ ሆኖም መደቡ የሚካፈለው በግቢው መሐል፣ በሰው ፊት ነውና ማንም ከቅርጫው አይወጣም፤ ተበድሮም ቢሆን ይገባል። ዶሮዋ አሁንም አሥራ ሁለት ብልት አላት። ፈረሰኛው ለአባወራው፣ ቀጥሎ ያለው ለእንግዳ፣ ከዚያ ለልጆች ይደርሳል። እማወራዋ ወጡ ሲሠራ ስትቀምስ ስለዋለች እንደበላች ይቆጠራል።

ቡና ለሥርዓቱ ከባድ ፈተና ነው። አገሪቱ በ2017 በጀት ዓመት ቡና ለውጭ ገበያ አቅርባ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች፤ ላምበረት ውስጥ ግን አቦል፣ ቶናና በረካ ከአንድ ሲኒ ዱቄት ይወጣሉ፣ በረካውም የሞቀ ውሃ መልክ ይዞ ይቀርባል። ይህ በራሱ ችግር አልነበረም። ችግሩ ቡና ሲቆላ ሽታውን አጥር አለመከልከሉ ነው፤ የሸተተው ጎረቤት ደግሞ ካልተጠራ ይቀየማል፣ ከተጠራ ይጠጣል። መፍትሔው በሥርዓቱ ታሪክ ከታዩት ሁሉ የረቀቀ ነው፤ የተፈጨ ቡና ከባልትና ቤት በትንሹ ይገዛል፣ በር ይዘጋል፣ ጀበናው ያለ ዕጣንና ያለ ቄጠማ ይጣዳል። ለዘመናት ሰው ሲሰበስብ የኖረ ነገር ተደብቆ ይጠጣል። በማግስቱ ሁለቱ ጎረቤታሞች በር ላይ ሲገናኙ ሁለቱም ቡና መተዋቸውን ይነጋገራሉ፤ እንቅልፍ ይነሣል ይባባላሉ።

የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ እንዲጨምር በመደረጉ ምጣድ በግቢው ውስጥ የፖለቲካ ጉዳይ ሆኗል። በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ተከራዮች የመጋገሪያ ቀን በአከራይ ይመደብላቸዋል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ አከራይ እንዳሻው ኪራይ መጨመር ስለማይችል እሱም በበኩሉ ይቆጥባል፤ የግቢውን መብራት በጊዜ ያጠፋል፣ የውሃውን ቧንቧ ይቆልፋል። ካውያ የሰኩ ተከራዮች በመዝጊያ ኳኳታ ይገሠጻሉ።

መብራቱ ሲወደድ ዓይን ወደ እንጦጦ ይዞራል። በምኒልክ ዘመን ከተከለው ባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ እየለቀሙ፣ ከክብደታቸው የማይተናነስ ሸክም ጀርባቸው ላይ አዝለው ቁልቁለቱን የሚወርዱ ሴቶች አሉ። ቁጠባ የሚባለው ጥበብ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው እዚህ ነው። ገዢው ሸክሙን አስወርዶ ይገላምጣል፣ እርጥብ ነው ይላል፣ ትንሽ ነው ይላል፣ ሄዶ ይመለሳል፤ ሴትዮዋ መልሳ መሸከም እንደማትችል ያውቃልና አሥር ብር ያስቀንሳል። ያቺ አሥር ብር በቤቱ ሒሳብ ላይ «ከዋጋ ክርክር የተገኘ ትርፍ» ተብላ ትመዘገባለች። በቀጣዩ እሑድ ያው ቤተሰብ በ2013 ዓ.ም. ወደተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ወጥቶ ፎቶ ይነሣል፣ ውድ ማኪያቶ ይጠጣል። ፎቶው ይለጠፋል፣ ጭራሮው አይለጠፍም።

የቤት ሠራተኛ ያለበት ቤት ከሁሉም የታደለ ነው፤ ከእማወራዋም ሳህን በፊት የሚቆረጥ ሌላ ሳህን አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን ጉዳይ ወደፊት ለሚወጣ ደንብ ስለተወው፣ እስከዚያው ድረስ ደንብ አውጪው አባወራው ነው። የእሷ እንጀራ ከትናንቱ ይሆናል፣ የሻይዋ ስኳር ይቆለፍበታል፣ ደመወዟ «ኑሮው ሲረጋጋ» ይታያል። ወጥታ ብትሄድ ግን እንግዳ ፊት ቡና የሚያቀርብ ሰው አይኖርምና አትባረርም፤ ታይታ ያድናታል።

መጓጓዣ ብዙ አያወያይም። ልጆች በእግራቸው ይሄዳሉ፣ እናት ዘንቢሏን ይዛ እስከ ሾላ በእግሯ ትወርዳለች። አባወራው በመገናኛ ሰልፍ ላይ የሚያውቀው ሰው ስለማይጠፋ በታክሲ ይሄዳል።

ላምበረት መናኸሪያ መኖሩ ለአካባቢው ኗሪ የተለየ ሸክም ነው። ከደብረ ብርሃን፣ ከደሴ፣ ከዚያም ማዶ የሚመጣ ዘመድ ሁሉ የሚያርፍበት ቤት ከመናኸሪያው አጠገብ ያለው ነው፤ ሌሊት በ11 ሰዓት አውቶቡስ የሚይዝም እዚያው ያድራል። የእንግዳ አቀባበል ዘዴው የሚጀምረው በሻንጣው ነው። ጆንያውና ጄሪካኑ በዓይን ይመዘናል፤ ቅቤ፣ ጥሬ ወይም ጥቂት ጤፍ ካለበት የማደሪያው ሌሊቶች ይበዛሉ፣ ባዶ እጁን ከመጣ በማግስቱ አውቶቡስ ሊያመልጠው እንደሚችል ደጋግሞ ይነገረዋል። ዘመዱ በቆየበት ጊዜ ሁሉ ግን ሽሮው ይወፍራል፣ ዶሮም ትታረዳለች፣ አምቦ ውሃም ይከፈታል። አገር ቤት ሲመለስ የሚያወራው የአዲስ አበባን ድህነት እንዳይሆን በሦስት ቀን የወጣው ወጪ የሦስት ሳምንት ቅነሳ ይበላል፤ የዘመዱም ቤት ባዶ ጎተራ ይዞ ይህንኑ ምቾት በመስማት ይጽናናል።

ከቅነሳ ነጻ የሆኑት ወጪዎች ብዙ ናቸው፤ ዋና ዋናዎቹን መጥቀስ ይበቃል። ሠርግ፣ መልስ፣ ክርስትና፣ የመዋዕለ ሕፃናት ምርቃት። የመጨረሻው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የመጣ ነው፤ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ጋውንና ቆብ ተከራይቶለት ፎቶ ይነሣል፣ ኬክ ይቆረሳል፣ እንቁላሉ ለኬኩ ውሏል። የከተማ አስተዳደሩ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ቁርስና ምሳ እያበላ ከ700 ሺህ በላይ ልጆች ይመግባል። በግል ትምህርት ቤት ክፍያ የተነሣ የልጁን ምሳ ዕቃ ያቀለለው ቤተሰብ ይህን ሳይሰማ ቀርቶ አይደለም። ሰምቷል፤ ልጁ ግን በጎረቤት ፊት የግል ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሶ ቢራብ ይመረጣል።

ምክርም አይጠፋም። ራዲዮው የተመጣጠነ ምግብ በአነስተኛ ወጪ እንዴት እንደሚዘጋጅ ያስተምራል፤ ካሮቱን፣ ቀይ ሥሩን፣ ወተቱን ይዘረዝራል፣ ዋጋቸውን አይዘረዝርም። በኅዳር 2015 ዓ.ም. በተጀመረው የመንግሥት የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር መሠረት ሰው በግቢው ዶሮ ሊያረባና አትክልት ሊተክል ይችላል። አንድ ክፍል ቤት የተከራየ ቤተሰብም ከዚህ አልተከለከለም፤ ዶሮዎቹ ከአልጋ ሥር ቢያድሩ አከራዩ የነፍስ ወከፍ ውሃ ሒሳብ ይጨምርባቸው ይሆን የሚለው ብቻ ነው ያልጠራው። የእሑድ ገበያም አለ፤ ማለዳ ለደረሰ ሽንኩርቱ ረከስ ይላል፣ አርፍዶ ለደረሰ ወረፋው ይተርፈዋል።

ሥርዓቱ ለዓመታት በሚገባ ሲሠራበት ውጤቱ በእማወራዋ ላይ ይታያል። ደሟ ያንሳል፣ ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል፤ ቤተሰቡ «ቀጠነች፣ አማረባት» ይላል። ጤና ጣቢያ ብትሄድ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያ ትጠየቃለች። የዓመቱ መዋጮ ከቅነሳው መጀመሪያ ዙር ጀምሮ አልታደሰም፤ የታመመ ሰው ካልተናገረ አይታይምና በሕጉ መሠረት የተቆረጠው በትክክል ነው። የእድሩ ወርኃዊ ክፍያ ግን አንድም ወር ተዘሎ አያውቅም። ያልከፈለ ሰው ስም በስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ ይነበባል፤ በዚህ ፍርሃት የተነሣ እማወራዋ ራሷ ከሽንኩርት መግዣው ቀንሳ በየወሩ ወስዳ ስታስገባ ቆይታለች። ስለዚህ ቀኑ ሲደርስ ጥሩንባው ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩና ትልልቁ ድስት ሳይጓደል ይመጣል፤ ለቀስተኛውም በወፍራም ሽሮ ይስተናገዳል።