በ28 ቀን የሚያረጅ መጽሐፍ

ድሮ ከዋድላዋ ኮን ለትምህርት የሚወጣ ልጅ የሚጠየቀው «ማን ዘንድ ነው የምትማር?» ተብሎ ነበር። እኛ ዋድሎች በቅኔ ስማችን ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር የሚነሣ ሰዎች ነና! የዛሬው የልጅ ልጄ የሚማረው ግን መሬት ሳያይ፣ ደመና ውስጥ መሣሪያዎቹን ብቻ እያነበበ ማብረር ነው፤ ኢንስትሩመንት ሬቲንግ ይሉታል። መምህር አለው። የቸገረው መጽሐፍ ነው። እንዳታዝኑለት፤ በዝቶበት ነው።

የአሜሪካ መንግሥት ያዘጋጀው «ኢንስትሩመንት ፍላይንግ ሃንድቡክ» በነፃ ይገኛል። በነፃ! አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየመከተ፣ ቁራሽ ለምኖ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ምን ይበል? ልጁ ግን ነፃ ስለሆነ ይጠረጥረዋል፤ የሚከፈልበት ቪዲዮ ያምረዋል። ደግሞ የጥያቄ ባንክ የሚሉት አለ፤ ጥያቄው ከነመልሱ ተዘርግፎ። መልሱ «ሐ» መሆኑን ሸምድዶ የሚፈተን አለ አሉ። በእኛ ጊዜ ተማሪ ቀን ቆጥሮ ማታ ለመምህሩ የሚነግረው ቅኔ የራሱና አዲስ ካልሆነ ጉድ ፈላ! ደመና ውስጥስ «ሀ፣ ለ፣ ሐ» ብሎ የሚጠይቀው ማን ሊሆን ነው?

የባሰብኝ ካርታው ነው። ኤልሪ ጄፕሰን የሚባል ፖስታ አመላላሽ አብራሪ የኮረብታውን ከፍታና የማረፊያውን ሁኔታ በኪስ ደብተር ሲጽፍ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1934 ቅጂውን በ10 ዶላር መሸጥ ጀመረ። ሰውዬውን ወደድኩት። የዛሬው የበረራ ካርታ መረጃ ግን የሚታደሰው በየ28 ቀኑ ነው! ብራና ከአያት ለልጅ ልጅ በሚያልፍበት አገር፣ ወር የማይሞላ መጽሐፍ!

«አባባ፣ የሬዲዮ ቁጥሩ ሊለወጥ፣ ማረፊያው ሊዘጋ ይችላል» ይለኛል። ይሁን። 4,260 ሜትር የቆመው የአቡነ ዮሴፍ ተራራስ በ28 ቀን ወዴት ሊሄድ ነው?

መጽሐፉ ደግሞ ጆሮ ይዋሻል ይላል፤ ደመና ውስጥ እየዞርክ ሳለ ቀጥ ብለህ የምትሄድ ያስመስልሃል፣ መሣሪያውን እመን። እኔ በክረምት ጉም ኮንን ሲውጣት በሬዬን ከጎረቤት በሬ የምለየው በምን ሆነና?

«ይህን ለፈታኙ እንዳይነግሩብኝ» አለ።

«በል አንዱን መጽሐፍ ያዝና ከዳር እስከ ዳር ጨርስ፤ ሌላው ይቆይህ» ብለው፣

«አንቱስ ከዋድላ ተነሥተው፣ ዓባይን ተሻግረው ጎንጅ አልገቡም?» አይለኝም!

ያማ ሌላ ነው። እኔ በእግሬ ነው የሄድኩት።