«ወይ ይሰነጠቃል ወይ ይተርፋል» ላሉት

አዲስ አበባ፣ ቀጨኔ ሸክላ ሊገዛ የመጣ ሰው አፉ አያርፍም። ጀበናውን በጣቱ እያንኳኳ ዋጋ ያወርዳል፤ ስለ ዕድልም ይፈርዳል። መልስ አለን፤ እንካችሁ።

«እሳት የገባ ጀበና ወይ ይሰነጠቃል ወይ ይተርፋል፤ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው።»

ጋሼ፣ ውጤቱ ሁለት ሆነ ማለት ዕድሉ ለሁለት ተገመሰ ማለት አይደለም! ከሠራችው ግማሹን እሳት ቢበላባት ሠሪዋ በምን ልጅ ታሳድግ ነበር? ዕድሉን የሚወስኑት አፈሩ፣ አደራረቁና የእሳቱ አያያዝ ናቸው።

«እሺ፣ ከአሥር አንድ ይሰነጠቃል እንበል። አሥር ከተኮሰች ዘጠኝ ማውጣቷ እርግጥ ነው።»

እርግጡን ከየት አመጡት? እናስላው። የእያንዳንዱ ጀበና የመትረፍ ዕድል 0.9 ቢሆንና የአንዱ ዕጣ የሌላውን ባይነካ፣ አሥሩም የመትረፋቸው ዕድል 0.9 አሥር ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 35 በመቶ ገደማ ነው። አንድ ብቻ የመሰንጠቁስ? 0.1ን በዘጠኝ 0.9ዎች እናባዛለን፤ የሚሰነጠቀው ከአሥሩ የትኛውም ሊሆን ስለሚችል ደግሞ በ10። 39 በመቶ ገደማ ይመጣል። የቀረው 26 በመቶ ሁለትና ከዚያ በላይ የሚሰነጠቅበት ነው። እርግጥ ያሉት ነገር ግማሽ እንኳ አልሞላም።

«ቀመሩን ካወቅሁማ የዛሬውን እሳት ኪሳራ አሁኑኑ ልንገራት።»

ቀስ በል ወንድምዓለም! ይህ ባይኖሚያል የሚባል ስሌት የባዝሉ ያዕቆብ በርኑሊ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1713 ከታተመ ጀምሮ ስሙ ከእርሱ ጋር ይነሳል፤ ቀመሩ ግን ከአራት ጥያቄ በኋላ ነው የሚመጣው። የሙከራው ብዛት አስቀድሞ ተወስኗል? የእያንዳንዱ ውጤት ከሁለት አንዱ ብቻ ነው? ዕድሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያው ነው? አንዱ ሙከራ ሌላውን አይነካም? አንዱ እንኳ ቢጎድል ባይኖሚያል አይባልም። በአንድ እሳት ብዙ ጀበና ሲተኮስ ነፋሱም ዝናቡም የጋራ ነው፤ ክፉ ቀን የመጣ እንደሆነ አብረው ይሰነጠቃሉ። አራተኛው ጥያቄ እዚያው ወደቀ፤ ቀመርህም አብሮ ወደቀ።

«ከተደረደሩት አሥር ጀበናዎች ሁለቱ ስንጥቅ ቢሆኑስ? ዓይኔን ጨፍኜ ሦስት ባነሳ ባይኖሚያል ነው?»

ያነሱትን እየመለሱና እየቀላቀሉ ከሆነ፣ አዎ፤ ሦስቱም ደህና የመሆናቸው ዕድል 0.8 ሦስት ጊዜ ተባዝቶ 51 በመቶ ገደማ ነው። እትዬ ግን ሊገዙ መጥተው ምን ብለው ይመልሳሉ? ካልመለሱት ከአሥር 8 የነበረው ደህና ከዘጠኝ 7፣ ከዚያም ከስምንት 6 ይሆናል፤ ሲባዛ 47 በመቶ ገደማ። ዕድሉ ባነሱ ቁጥር ተለወጠ፤ ሦስተኛው ጥያቄ ወደቀ። «ደህናው እስኪገኝ አንኳኳለሁ» ካሉ ደግሞ ብዛቱ አልተወሰነምና የመጀመሪያውም ይወድቃል።

«ሸክላ ሠሪዎቹ ቡዳ ናቸው ይባላል። የአንዷ ዓይን ያረፈበት አንድ ሰው ታሞ አውቃለሁ።»

አንድ ቆጠርክ። አይታው ያልታመመውን ስንት ቆጠርክ? ሳታየው የታመመውንስ? ከስንቱ ስንት እንደሆነ ሳይቆጥር የፈረደ ሰው ስም አጥፊ ነው። ብዙዎቹ የዘር ሐረጋቸው ከሰሜን ሸዋ የሚመዘዝ፣ ሴቱ ሸክላውን ወንዱ ሽመናውን ይዞ አዲስ አበባን ያበሰሉና ያለበሱ ሰዎች ናቸው። ይህ ስድብ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲወርድባቸው ኖሯል። በእጇ ሥራ ቡናህን እያፈላህ በስሟ ላይ መርዝ አትርጭ!

«ለመሆኑ ይህ ሁሉ ሒሳብ ለጭቃ ነው? በይ ቀንሺልኝ!»

አዎ፣ ለጭቃ! እሷ የምትሸጥልህ የተረፈውን ነው፤ የተሰነጠቀውም አፈር፣ ማገዶና ወገብ በልቷል። በረጅም ጊዜ ከአሥር አንድ የሚጠፋባት ከሆነ፣ ዘጠኙ የአሥሩን ወጪ ካልመለሱ ሥራው አያኖራትም። አንተ የምታስወርዳት ብር ከትርፏ ሳይሆን ከዚያ ከተሰነጠቀው ጀበና ድካም ላይ ነው። ሒሳብ አውቃለሁ ካልክ የጠራችውን ክፈል!