ዛንዚባርን በአንድ ቀን የመጨረስ ጥበብ

ዛንዚባርን በአንድ ቀን አይቶ መጨረስ አይቻልም የሚል ሰው ካለ፣ «የሙሉ ቀን ኮምቦ» የሚባለውን ጉዞ አያውቅም ማለት ነው። ይቻላል እንጂ! ጠዋት 2 ሰዓት ከሆቴል መነሳት፤ ጆዛኒ ደን ገብቶ ጉሬዛ ማየት፤ ማንግሮቭ መሐል በተዘረጋው የእንጨት መረማመጃ ላይ ፎቶ መነሳት፤ ቅመም እርሻ ሄዶ ማሽተት፤ «ባህላዊ ምሳ» መብላት፤ ከሰዓት ወደ ምሥራቁ ጠረፍ ወርዶ ባሕር መግባት፤ ማታ ወደ ጥንታዊው ከተማ ወደ ስቶን ታውን ተመልሶ ፎሮዳኒ መናፈሻ ቆሞ የተጠበሰ ኦክቶፐስ መቅመስ። አለቀ። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲሉ አየር ማቀዝቀዣ ያለው ሚኒባስ አላዩም ነበር።

ደግነቱ ስዋሂሊዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ነው። ጉዳቱ፣ ፕሮግራሙ የሚታተመው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ሐበሻው ጎብኚና ዛንዚባሬው ሹፌር እኩል ስድስት እየቀነሱና እየደመሩ ይውላሉ። ሁለቱ የሚግባቡበት አንድ ነገር ቢኖር ሰዓቱ ነበር፤ እሱንም ኮምቦው ወሰደው።

ከቦሌ በቀጥታ በረራ የሚሄደው የኛ ሙሽራ ዋና ደንበኛ ነው። ከጥቅምት 2024 ወዲህ (ዓመቱ እዚህም ከታችም በፈረንጅ ነው) ለዛንዚባር መንግሥት መድን ድርጅት 44 ዶላር የጉዞ ዋስትና ሳይከፍል ደሴቱን አይረግጥም፤ ይከፍላል። አራት ሌሊት ይይዛል። ሦስቱ ቀን ለመዋኛ ገንዳና ለእንቅልፍ፣ አንዱ ለዛንዚባር። ይህን ድልድል ማንም ሊነቅፈው አይገባም፤ የጫጉላ ሽርሽር ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ በዚያች በአንዷ ቀን ላይ የሚጫነው ጭነት ነው። ለአህያ ቢሆን የእንስሳት መብት ተከራካሪ ይነሣ ነበር።

ከደኑ እንጀምር። ጆዛኒ ከስቶን ታውን ወደ ደቡብ ምሥራቅ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በ2004 ብሔራዊ ፓርክ የሆነ ሲሆን፣ በዛንዚባር ያለው ብሔራዊ ፓርክ እሱ ብቻ ነው። የከርሰ ምድር ውኃ ለገጽ የቀረበበት ረግረጋማ ደን ስለሆነ፣ ሌላው መሬት ሲደርቅ እሱ እንደረጠበ ይቆያል። እዚያ የሚኖረው ቀይ ጉሬዛ በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም። ጥቂት ብቻ ቀርቷል ሲባል ቆይቶ፣ ዞረው የቆጠሩት ሰዎች ከ5,800 በላይ ሆኖ አገኙት። ለመቁጠር ከአንድ ቀን በላይ ወስዶባቸዋል። ያለ ኮምቦ የሄዱ መሆን አለባቸው።

እኛ ግን አርባ ደቂቃ ይበቃናል። አስጎብኚው የቅጠል ስም መጥራት ሲጀምር ሙሽራው «ጦጣዎቹ የት አሉ?» ይላል። ጦጣዎቹ ዛፍ ላይ ጋደም ብለዋል፤ ቀትር ሲቃረብ ማረፍ ልማዳቸው ነው። የጉሬዛ ሆድ ብዙ ክፍል ያለው፣ ቅጠል እያብላላ የሚፈጭ ስለሆነ፣ ከበላ በኋላ ተረጋግቶ መቀመጥ ግድ ይለዋል። የበሰለ ጣፋጭ ፍሬ አይስማማውም፤ ለጋ ቅጠልና ጥሬ ፍሬ ይመርጣል። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ከሰል ይበላል። ደኑ ዳር ካሉት ጓሮዎች የማንጎና የሕንድ አልሞንድ ዛፍ ቅጠል ሲበላ፣ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ኬሚካል ሆዱን እንዳይጎዳው ከከሰል ማክሰያ ጉድጓድና ከተቃጠለ ጉቶ ከሰል ሰርቆ ያኝካል። ይህን ከእናቱ አይቶ የተማረ አውሬ ከላይ ሆኖ ቁልቁል ያየናል። በአንድ ቀን ፒላው፣ ኦክቶፐስ፣ የሸንኮራ ጭማቂ፣ የኮኮናት ውኃና የዛንዚባር ፒዛ በላይ በላይ ሊጭን የመጣውን ፍጡር። ከሰል የሚያስፈልገው ለማን እንደሆነ ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ። ጉሬዛው አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፤ ስልክ ከመጎርጎር የዳነውም በዚሁ ይመስለኛል።

የኛ ሰው ይህን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ያየው ጉሬዛ፣ ዘመዱ ሐዋሳ ላይ ሐይቁ ዳር ጥቁርና ነጭ ካባውን ደርቦ በየዛፉ ተቀምጧል። እሱን ግን ማን ያየዋል? መግቢያው ዶላር አይደለም።

በደኑ መሐል በሚያልፈው ዋና መንገድ ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ተሠርቷል። የተሠራው መኪና ጉሬዛዎቹን እየገጨ ስላስቸገረ ነው። በእነዚህ ጉብታዎች ላይ «ወይኔ ወገቤ! ይሄ መንገድ ምን ነካው?» ብሎ የሚማረረውም ጉሬዛዎቹን ሊያይ የሚበርረው የኮምቦው ሚኒባስ ተሳፋሪ ነው። ቅመም እርሻው በ5 ሰዓት ይጠብቀዋላ!

ቅመም እርሻው ኪዚምባኒ አካባቢ ነው። አንድ ወጣት ቅጠል ቀንጥሶ፣ በጣቱ አሽቶ፣ አፍንጫችን ላይ ይደቅንና «ገምቱ!» ይላል። ፈረንጆቹ ይጨነቃሉ። ሐበሻዋ ሙሽራ ግን «ሄል! ቅርንፉድ! ቀረፋ! እርድ!» እያለች ሁሉንም ጠራርጋ ትመልሳለች፤ የክፍሉ አንደኛ። እናቷ ቤት ያለው የሻይ ቅመም ነዋ። ሰፈሯ ካለው ሱቅ በዝርዝር ሳንቲም የሚገዛውን ዕቃ በሕይወቷ አዲስ እንዳገኘች ሁሉ ዓይኗን ጨፍና ታሸታለች፤ ባሏ ይቀርጻታል። ቀጥሎ አንዱ ልጅ እየዘፈነ ኮኮናት ዛፍ ላይ ይወጣል፤ ሌላው ከዘንባባ ቅጠል ዘውድና ከረባት ጎንጉኖ ያለብሳቸዋል። ንጉሥና ንግሥት ሆነው ሲወጡ በር ላይ በትንንሽ ከረጢት የታሸገ ቅርንፉድ ይሸጥላቸዋል። ይገዛሉ፤ ለእናት። እናትም «ተባረኩ ልጆቼ» ብላ ከራሷ ቅርንፉድ አጠገብ ታስቀምጠዋለች።

ቅርንፉድ የዛንዚባር ተወላጅ አይደለም። አገሩ ኢንዶኔዥያ፣ የማሉኩ ደሴቶች ናቸው። እዚህ የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዘመን በኦማኑ ሱልጣን በሰይድ ሰዒድ ዘመን ሲሆን፣ የለቀመውም ከአፍሪካ ምድር በባርነት እየታፈሰ የመጣ ሰው ነው። ስቶን ታውን ያለው የባሪያ ገበያ የተዘጋው በ1873፣ ባርነቱ ራሱ በሕግ የቀረው በ1897 ነው። የሱልጣኑ ልጅ ልዕልት ሳልሜ በ1886 ባሳተመችው ትዝታዋ፣ ከአባቷ ቁባቶች መሐል ከሐበሻ ምድር የመጡ ሴቶች እንደነበሩ ጽፋለች። የእኛው አገር ልጆች፣ ሳይጠየቁ፣ ያለ መመለሻ ቲኬት። ሱልጣኑ በ1850 ለፋርሷ ሚስቱ ያሠራው የኪዲቺ መታጠቢያ ከቅመም እርሻዎቹ አጠገብ ቆሞ ይታያል። ይህን ሁሉ አስጎብኚው አሳምሮ ያውቀዋል፤ በእሱ አልፈርድም። «ጥያቄ አለ?» ብሎ ይጠይቃልም። አለ፤ «ምሳ በስንት ሰዓት ነው?»

ምሳው ባህላዊ ነው፤ ፕሮግራሙ ላይ ተጽፏል። ምንጣፍ ተነጥፎ ፒላው፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ ወጥ፣ ጎመንና ቻፓቲ ይቀርባል። የእንግዳ ምላስ እንዳይጎዳ ቃሪያው ቀርቶ፣ ቅመሙ ለዝቦ፣ ጨው እንኳ እያመነታ የገባበት ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቅመም ስናሸት ቆይተን ቅመም የሌለው ምግብ መብላት የኮምቦው ትልቁ ረቂቅነት ነው። ሐበሻው ከቦርሳው ሚጥሚጣውን ያወጣል።

የከተማው ሰው ደግሞ ከስቶን ታውን ጠባብ መንገዶች በአንዱ ማዕዘን ላይ ኡሮጆ ይበላል። ሻጯ ትልቅ ድስት ፊቷ ጥዳ ተቀምጣለች። በእርድ ቢጫ የሆነ፣ በማንጎና በሎሚ የኮመጠጠ ትኩስ ሾርባ ትጨልፋለች፤ የተቀቀለ ድንች፣ ቁርጥራጭ ባጂያ፣ የሚንኮሻኮሽ የካሳቫ ጥብስ ትጨምርበታለች፤ ከላይ የኮኮናት ቹትኒና የሚያቃጥል ቃሪያ። እንቁላልና ሥጋ የፈለገ ይጨመርለታል። ካልፈለገ ግን ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሐበሻ ከዚህ የተሻለ ምሳ በደሴቱ ላይ አይገኝም። ተማሪውም የቢሮ ሠራተኛውም ቆሞ ይበላዋል። ኮምቦው ውስጥ ግን የለም። ኡሮጆ ባህላዊ ሊሆን አይችልም፤ የአገሩ ሰው ይበላዋል።

ከሰዓቱ የባሕሩ ነው። እዚህ ላይ ግን ኮምቦው የማያዝበት ባለሥልጣን አለ። በምሥራቁ ጠረፍ ማዕበሉ ሲሸሽ ውኃው እስከ ዓይን ማብቂያ ድረስ ይሄዳል፤ የሚቀረው እርጥብ አሸዋ፣ ጨጓራ የመሰለ ድንጋይና ጎንበስ ብለው የባሕር አረም የሚለቅሙ ሴቶች ናቸው። ሙሽሮቹ የዋና ልብሳቸውን ለብሰው «ባሕሩ የት ሄደ?» ብለው ሹፌሩን ያፋጥጡታል። ማዕበሉ ፕሮግራሙ ኮፒ አልተደረገለትም። ሴቶቹ ይህን አረም ለገበያ ማልማት የጀመሩት በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ስለ ማዕበሉ ሰዓት ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የሚጠይቃቸው ግን የለም። ፎቶ ይነሳሉ፤ ከኋላ።

ማታ ፎሮዳኒ። ይህኛውን ብዙም አልነካውም፤ የከተማውም ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ይመጣል፣ ኦክቶፐሱም መልካም ነው። ብቻ ያኔ የሙሽራው ሆድ ሞልቷል፣ እግሩ አብጧል፣ ሙሽራዋ አኩርፋለች። የመጨረሻው ግዢ «ፖሌ ፖሌ»፣ ቀስ በቀስ፣ የሚል ቲሸርት ነው፤ ሹፌሩ ጥሩንባ እየነፋ ስለሆነ ሳይለካ ይገዛል።

እንግዲህ እናንተ የጉዞ አዘጋጆች፣ የዛንዚባሮቹም የአዲስ አበባዎቹም፣ አንድ ልመና አለኝ። ከዝርዝሩ ውስጥ ግማሹን ሰርዙልን። ደኑ ውስጥ ጉሬዛዎቹ ሳይተኙ በማለዳ አግቡን፤ ምሳ ሲደርስ ኡሮጆ ሻጯ ዘንድ አቁሙን፤ የቀረውን ሰዓት ዝም ብላችሁ ተዉን። ዋጋውን አትቀንሱ። እንከፍላለን።