የወይብ ዳር ርእሰ መምህር

በአገራችን ጡረታ የወጣ ወንድ ውሎው የታወቀ ነው። ጠዋት ተሳልሞ ይመለሳል፣ ረፋድ ላይ አንድ ማኪያቶ አዞ ግማሽ ቀን ይቀመጥበታል፣ ከሰዓት የዕድር ጉዳይ አይጠፋም፣ ማታ ደግሞ ቴሌቪዥን ፊት ሆኖ ዜና አንባቢውን ያርማል። ከዚህ መስመር የወጣ አንድ ሰው አውቃለሁ። ጎባ ነው የሚኖረው። ዕድሜ ልኩን ኬሚስትሪ ሲያስተምር ኖሮ ስድሳ ሲሞላው በምስክር ወረቀትና በጋቢ ተሸኘ። ጋቢውን ደርቦ ቤቱ ይቀመጣል ስንል መንጠቆ ይዞ ወንዝ ወረደ።

እኔ ጂኦግራፊ ነበርኩ። በአንድ ትምህርት ቤት ስናስተምር ሁላችንም የምንጠራራው በስማችን ሳይሆን በትምህርታችን ስለነበር ይኸው እስከ ዛሬ እሱ ለእኔ ኬሚስትሪ ነው፣ እኔም ለእሱ ጂኦግራፊ።

ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ቢሆን ነገሩ ባልገረመኝ። ባሌ ሲባል ግን ስንዴ፣ ገብስ፣ ፈረስና ቅቤ እንጂ ዓሣ ለማንም ትዝ አይለውም። «ና፣ ጡረታ ማለት ምን እንደሆነ ላሳይህ» እያለ በስልክ ሲነዘንዘኝ ከረመና ከዐረፋ በፊት በነበረው ሳምንት ከአዲስ አበባ ተነሣሁ። ሻሸመኔ፣ ዶዶላ፣ አዳባ እያሉ ዲንሾ ሲቃረቡ ጋይሳይ ሜዳ ላይ የደጋ አጋዘኖቹ ከመንገድ ዳር ቆመው አውቶቡሱን ያያሉ። አንዱ ወንድ አጋዘን ቀንዱን ቀና አድርጎ፣ መንጋጋውን እያመላለሰ ያየን አስተያየት ካፌ በረንዳ ላይ አላፊ አግዳሚውን የሚገመግም ጡረተኛ እንጂ የአውሬ አይመስልም ነበር። ሮቤን አልፌ ጎባ ስደርስ የኬሚስትሪ ባለቤት እጄን ሁለት ጊዜ ጨብጣ ተቀበለችኝ። «እንኳን መጣህልኝ» አለች፤ «ዛሬ እንኳ ለአንተ ይንገርህና እኔ ልረፍ።»

የሚነግረው ምን እንደሆነ የገባኝ ከእራት በኋላ ነው። ጠረጴዛው ላይ ክሩን፣ መንጠቆውን፣ ትንንሾቹን የእርሳስ ፍሬዎች፣ ማጠንጠኛ ያለውን ዘንግ ደርድሮ ትምህርቱን ጀመረ።

«ትራውት የሚባለው ዓሣ የባሌ ተወላጅ አይደለም» አለ። «በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ግድም ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ኬንያም ቡናማውን ትራውት ያገኘችው ከስኮትላንድ ነው።»

«ታዲያ እዚህ ደጋ ምን አስቀመጠው?»

«ብርዱ! ቀዝቃዛ ውኃ ኦክስጅን ይይዛል፣ ሲሞቅ ይለቃል። የውኃው ሙቀት ሃያ ዲግሪ ማለፍ ከጀመረ ትራውት ይጨንቀዋል። ይሄን ዘጠነኛ ክፍል ነው የምናስተምረው።»

የሚያጠምድበት የወይብ ወንዝ ጉዳይ የጂኦግራፊ ክልል ስለሆነ እዚህ ላይ ገባሁበት። ወይብ ከባሌ ተራሮች ወርዶ፣ ሶፍ ኡመር ሲደርስ ድንጋዩን ሰርስሮ ዋሻ ውስጥ ገብቶ፣ ወጥቶ ቆላውን አቋርጦ ዶሎ አካባቢ ከገናሌ ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ ጁባ ተብሎ ሶማሊያን አልፎ ህንድ ውቅያኖስ ይገባል። ትራውቱ ግን ውኃው ለብ ሲል ይቀራል፣ ሶፍ ኡመርን የማየት ዕድል የለውም። ይሄን ስነግረው ኬሚስትሪ ተማሪ ያቋረጠው ይመስል በመነጽሩ አናት በኩል አየኝ።

ለሚፈልግ ሰው ግን ትምህርቱ ጥሩ ነበር። ትራውት የሚቆመው አፉን ወደ ውኃው መምጫ አዙሮ ነው፤ ምግቡ ከላይ እየተንሳፈፈ ስለሚመጣለት ድንጋይ ጀርባ፣ ወራጁ ረገብ በሚልበት ቦታ ተሸሽጎ ይጠብቃል። ስለዚህ ሰው ከታች ወደ ላይ፣ ከጀርባው መምጣት አለበት። ፀሐይን ከኋላ አድርጎ ጥላን ውኃ ላይ መጣል ክልክል ነው። ዝናብ ዘንቦ ውኃው ከደፈረሰ ቤት መቀመጥ ይሻላል። ማጥመጃው ትል ቢሆን ጥሩ፣ ፌንጣ ቢሆን የተሻለ። ዓሣው ከተያዘም በደረቅ እጅ አይነካም፤ ገላውን የሸፈነው ዝልግልግ ነገር ከተገፈፈ ተመልሶ ቢለቀቅም አይተርፍም። ይህን ሁሉ በአክብሮት አዳመጥኩ። ከዚያ ጣቱን አነሣ።

«ከሁሉ በላይ ጸጥታ! አንድ ቃል ከተናገርክ ዓሣው የለም።»

ይህ በፈተና ቀን በሩ ላይ ቆሞ ይናገረው የነበረ ዓረፍተ ነገር ነው። ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ግን ዝምተኛ አይደለም። እንግሊዛዊው ነጋዴ ኢዛክ ዋልተን በዓሣ ማጥመድ ዝናው እስከ ዛሬ የሚነሣውን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1653 ሲያሳትም ዕድሜው ስድሳ ግድም ነበር፤ ልክ የኛ የጡረታ መውጫ። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር ወንዝ ዳር የሚያወሩ ሰዎች ጨዋታ ነው። ዋልተን ራሱ ዘጠና ዓመት ኖሯል። ይሄንንም ነገርኩት። «እንግሊዝ አገር ያለ ዓሣ ሌላ ነው» አለኝ።

በማግስቱ ዓርብ በሚኒባስ ዲንሾ ወጣን። ከባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ፈቃዳችንን ያዝን፤ በ2016 መስከረም የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ ቦታ ውስጥ ዝም ብሎ መንጠቆ አይጣልም። ኬሚስትሪ ዘንጉን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ ትከሻው ላይ አጋድሞታል። ለእኔ ደግሞ ጫፉ መንታ የሆነ የወይራ በትር አሸክሞኛል፤ ወንዝ ዳር ተተክሎ ዘንጉን የሚደግፍ ነው። እሱ ወታደራዊ ቦቲ፣ እኔ የአዲስ አበባ ጫማ ተጫምተን ከከተማው ወጥተን ቁልቁል ስንወርድ አንዲት እናት ከጎጆዋቸው በር ብቅ አሉ፤ በትሬን አይተው ወደ ውስጥ ተመለሱና ወዲያው በጮጮ ወተት ይዘው መንገዳችን ላይ ቆሙ።

«ገሪባ ናችሁ?» አሉ በኦሮምኛ።

የዐረፋ ሰሞን መሆኑን አስቡ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግድም በባሌ እስልምናን አስፋፉ የሚባሉት የሼክ ሁሴን መቃብር ባለበት ድሬ ሼክ ሁሴን ለመድረስ ከአርሲም፣ ከሐረርጌም፣ ከዚሁ ከባሌም ምእመናን በእግር ይጓዛሉ። ገሪባ የሚባሉት እነሱ ናቸው። መለያቸው ጫፉ መንታ የሆነ በትር ነው፤ ኡሌ ይሉታል። እሱን የያዘ መንገደኛ በየደረሰበት ይበላል፣ ያድራል፤ ያስተናገደው ሰው ደግሞ በረከት ያገኛል። እኔ ይሄን ሁሉ ክፍል ውስጥ አስተምሬዋለሁ፤ በትሩ እኔው እጅ ላይ ሲገኝ ግን ምን እንደሚባል አልተዘጋጀሁም።

ኬሚስትሪ ፈጠን ብሎ «የለም እናቴ፣ ዓሣ ልናጠምድ ነው» አለ።

እናትየው ነጩን ፀጉሩን አዩ፣ የእኔንም አዩ። «በዚህ ዕድሜ?» አሉ። ከዚያ ፊታቸው በራ፤ ገባቸው። ጉዞውን የሚደብቅ ገሪባ ከሚያወራው ይበልጣል። የሁለት ሽማግሌ ሰው ትሕትና እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ከዚያ ወዲያ እኛ በካድን ቁጥር ክብራችን እየጨመረ ሄደ። ፈቃዱን አውጥቼ ላሳያቸው ብዬ ነበር፣ ማኅተሙ ጭራሽ የሚያባብሰው መስሎኝ መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ቅቤ የጠገበ ትኩስ ጩምቦ መጣ። እንቢ ማለት ነውር ነው፤ ደግሞም ይሸታል፣ ብርድ ነው፣ ቁርስ ከበላንም ቆይተናል። ጾም መሆኑ ትዝ ያለን ከሁለተኛው ጉርሻ በኋላ ነው።

ስንጨርስ እናትየው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጠየቁ። ለላሟ፣ ለገብሱ፣ በመጨረሻም ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለምትፈተን ልጃቸው።

ኬሚስትሪ እስከዚህ ድረስ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ፈተና ሲባል ቀና አለ። «ናቹራል ናት ሶሻል?»

ናቹራል ነበረች። ከተፈታኙ ከመቶ ሦስት ግድም ብቻ ያለፈበትን የ2014ን ፈተና የምናውቅ ሁለት የቀድሞ መምህራን እጃችንን ዘርግተን፣ እያንዳንዳችን በምናውቀው ጸሎት፣ ከልባችን ለመንን። ኬሚስትሪ «አሚን» ካለ በኋላ «ሞል ኮንሴፕት ላይ በርቺ በላት» ብሎ አከለ። እናትየው ይሄንንም እንደ ምርቃት ቆጥረው «አሚን» አሉ።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች። ወይብ እዚያ ላይ ሰፊ አይደለም፤ በጥቋቁር ድንጋዮች መሀል እየተጣደፈ፣ አልፎ አልፎ እየተኛ ይወርዳል። ወለሉ ይታያል። ኬሚስትሪ ሕጉን ሁሉ አክብሮ ከታች ወደ ላይ ሄደ፣ ጥላውን ጠበቀ፣ ፌንጣ ሰካ፣ ወረወረ። እኔ አፌን ባላቀቅሁ ቁጥር «እሽሽ!» ይላል። ከዚሁ ተራራ ላይ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው ፊንጫ ሃበራ የሚባል የድንጋይ ጥላ ሥር፣ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች እየተመላለሱ ይኖሩ እንደነበርና ትልቁን ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ እንደነበር ሳይንስ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2019 ማውጣቱን ልነግረው ስጀምር «እሽሽ!» አለኝ። ፍልፈል ጥሩ ምርጫ መሆኑን ብቻ ተናግሬ ዝም አልኩ።

ዓሣ አልመጣም። ቦታ ቀየረ። በዚያ ቦቲ ድንጋዩን እየረገጠ፣ ጠጠሩን እያንኮሻኮሸ ወደ ላይ፣ እንደገና ወደ ላይ። በደረሰበት ሁሉ ጥላ መሳይ ነገር ሽው እያለ ሲሸሽ እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ። አየር ላይ ያለ ድምፅ ውኃው ፊት ላይ ሲደርስ አብዛኛው ተመልሶ ይነጥራል፤ የሰው ወሬ ታች ላለው ዓሣ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በመሬት በኩል የሚሄድ የእርግጫ ንዝረት ግን ይደርሰዋል፤ ትራውት በጎኑና በጎኑ ንዝረት የሚሰማበት መስመር አለው። የዓሣው ጠላት የኔ አፍ ሳይሆን የሱ እግር ነበር። ይሄን የሚያክል ነገር ይዤ ለመናገር አለመፈቀዱ ምን ያህል እንደሚያቃጥል መምህር የነበረ ያውቀዋል።

የተናገረው ላም የሚጠብቅ ልጅ ነው። ብዙ ቆሞ ሲመለከት ቆይቶ «ባርሲሳ፣ ጫማህን አውልቀው» አለ። ባርሲሳ መምህር ማለታቸው ነው፤ ሽማግሌና መነጽር አንድ ላይ ሲያዩ አይሳሳቱም። ኬሚስትሪ ልጁንም «እሽሽ!» አለው።

በዚህ መሀል ከአዳባ በኩል እውነተኞቹ ገሪቦች መጡ። ወንድና ሴት፣ ሽማግሌና ወጣት፣ ኡሌያቸውን ይዘው፣ እያጨበጨቡ፣ የሼክ ሁሴንን ውዳሴ አንዱ እያወጣ ሌላው እየተቀበለ ወንዙ ዳር ደረሱና እግራቸውን ሊታጠቡ፣ ትንሽ ሊያርፉ ተቀመጡ። ዜማው አላቆመም። ኬሚስትሪ ፊቱ ላይ የነበረው ተስፋ ሲረግፍ አየሁት። ዘንጉን መንታው በትር ላይ አስደግፎ፣ ክሩ ውኃው ውስጥ እንዳለ፣ ድንጋይ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና ቦቲውን ፈትቶ አወለቀ። የሚያጠምድ ሰው መሆኑን ትቷል።

ጭብጨባው ሲደምቅ ዘንጉ ጎበጠ።

ባዶ እግሩን ውኃው ውስጥ ገባ። ሲያጠነጥን እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ገሪቦቹም ዜማውን ሳያቋርጡ ተነሥተው ከበቡት። ቡናማው ትራውት ነው። ኬሚስትሪ፣ ይኼን አልነሣውም፣ በዚያ ጥድፊያ ውስጥ እንኳ እጁን መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ነክሮ ነው የያዘው። ጀርባው የወይራ ቀለም፣ ሆዱ ቅቤ የመሰለ ቢጫ፣ ጎኑ ላይ ጥቋቁርና ቀያይ ነጠብጣቦች፤ ቀዮቹ እያንዳንዳቸው ነጣ ባለ ክብ ታጥረዋል። ቅርፊቱ ከማነሱ የተነሣ ያለ አይመስልም።

የገሪቦቹ መሪ ዓሣውን አይቶ መረቀን። ከዚያ ዘንጉን የደገፈውን መንታ በትር አነሣ፣ አገላበጠ። «ይሄ ኡሌ የማን ነው?» ሲል ኬሚስትሪ ወደ እኔ ጠቆመ። መሪው በትሩን በአክብሮት መልሶ ሰጠኝና በሮቤ፣ በጎሮ፣ በጊኒር አድርገው እንደሚሄዱ ነግሮኝ፣ አብሬያቸው ልሄድ እንደሆነ ጠየቀኝ። ጉልበቴን አሳየሁት። ሳቀ።

በመመለሻችን ሚኒባስ ውስጥ ስለ ድምፅና ስለ ንዝረት ያለኝን ሁሉ ተናገርኩ። ኬሚስትሪ ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ «ጭብጨባው ፌንጣዎችን ስላስነሣ ነው» አለ። እስከ ጎባ ተከራከርን።

ባለቤቱ ዓሣውን አየች፣ አመሰገነች፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ካላንደር ዞረች። ዓርብ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በዚያ ቤት ከተዘጋ ቆይቷል፤ የዘጋችው እሷ ናት። የጩምቦውን ነገር ሁለታችንም አላነሣንም። በጨው አሽታ፣ ዱቄት ነስንሳ፣ በዘይት ጠበሰችውና በሳህን አድርጋ ጎረቤት ላሉት ሐጂ ላከች። እኛ ሽሮ ቀረበልን።

ሐጂ ሳህኑን ራሳቸው ይዘው መጡ፤ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ለቡና ተቀመጡና፣ ነጋዴ ስለሆኑ፣ የሚኒባሱን፣ የፈቃዱን፣ የክሩንና የመንጠቆውን ዋጋ እየጠየቁ በጣታቸው ደመሩ።

«በዚህ ሂሳብ እኮ» አሉ ኬሚስትሪን እያዩ፣ «ለዐረፋ ሙክት ግማሹን ትገዛ ነበር።»

«ሙክት መንጠቆ አይነክስም ሐጂ» አለ ኬሚስትሪ፤ ዓሣውን በእጁ ሊለካላቸው ሲጀምር ባለቤቱ ሲኒዎቹን ከፊቱ ራቅ አደረገች።