ሐመሩ ሐ በሐምሌ

ስለ ግብር ሕግ የሚጻፉ ጽሑፎች ዘወትር የሚያተኩሩት በምጣኔው፣ በቅጣቱና በይግባኙ ላይ ነው፤ ፊደሉን ዞር ብሎ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ግብር ከፋዮችን በሦስት ደረጃ ከፍሏቸው ነበር፤ የዓመት ገቢው 1 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነውን ነጋዴ፣ የሕግ ሰውነት ካላቸው ድርጅቶች ጋር ደረጃ «ሀ»፣ ከ500 ሺህ ብር እስከ 1 ሚሊዮን ብር የሚያገኘውን ደረጃ «ለ»፣ ከ500 ሺህ ብር በታች የሆነውን ደግሞ ደረጃ «ሐ» ብሎ ሰይሟል። በወረቀት ላይ ሲታይ እንከን የለውም። ችግሩ የሚጀምረው ሕጉ በቃል ሲነገር ነበር፤ የአማርኛ አንደበት ሀን ከሐ መለየት ከተወ ዘመናት ስላለፉ፣ ከሁሉ በላይ ያለው ባለ ብዙ ሚሊዮን ነጋዴና ከሁሉ በታች ያለው የሱቅ በደረቴ ዘመድ በአንድ ድምፅ ይጠሩ ነበር። ስሙ ሲጠራ ማንነቱ ያለ ጥርጥር የሚታወቀው መካከለኛው ነጋዴ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ጉዳዩ ቅርብ ሆኖ እንዲታይ በደብረ ታቦር አንዲት ጠባብ ሱቅ በሐሳብ መክፈት ይቻላል። ከመደርደሪያው ላይ ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪትና ሻማ ተደርድሯል፤ ከጣሪያው የላስቲክ ጫማ በገመድ ተንጠልጥሏል፤ ሕጉ የንግድ ፈቃድ በግልጽ በሚታይ ቦታ ይቀመጥ ስለሚል ፈቃዱ በመስታወት ገብቶ ከእመቤታችን ሥዕል ጎን በአንድ ሚስማር ተሰቅሏል። የሱቋ ባለቤት ግብር ልትከፍል ከግብር መክፈያው መስኮት ዘንድ ስትደርስ ወጣቱ ሠራተኛ «እማማ፣ ደረጃዎ ምንድን ነው?» ይላል፤ «ሐ» ትላለች፤ «የትኛው ሀ?» ይላል፤ «የድኻው ነዋ፣ ልጄ!» ትላለች። ሕግ አውጪው በፊደል ሊለየው ያልቻለውን እርሷ በአንድ ቃል ለየችው።

ይህ ጥያቄ ሌላ አገር ቢነሣ ያስቸግር ይሆናል፤ ደብረ ታቦር በምትገኝበት በደቡብ ጎንደር ግን ሊያስቸግር ባልተገባው ነበር። ምክንያቱም የድጓ ማስመስከሪያ የሆነው ቤተ ልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነው ዙር አምባ የሚገኙት በዚሁ አገር ሲሆን፣ ማስመስከር ማለት ደግሞ ትምህርቱን የጨረሰ ደቀ መዝሙር በሊቃውንት ፊት ተፈትኖ ምስክርነት የሚቀበልበት ሥርዓት ነው። በነዚህ ጉባኤዎች ያለ የቆሎ ተማሪ ሦስቱን የ«ሀ» ወገኖች በየስማቸው ያውቃቸዋል። የመጀመሪያው ሃሌታው ሀ ነው፤ ስሙም ከሃሌ ሉያ ጋር የተያያዘ ነው። ሁለተኛው ሐመሩ ሐ ነው፤ ሐመር በግእዝ ጀልባ ማለት ነው። ሦስተኛው ብዙኃኑ ኀ ነው፤ ብዙኃን ማለት ብዙዎች ማለት ነው። ሐመሩ ሐ በጥንቱ ግእዝ ከጉሮሮ የሚወጣ የራሱ ድምፅ እንደ ነበረው ዛሬም ከትግርኛና ከዐረብኛ ይታወቃል፤ አማርኛ ግን ድምፁን ጥሎ መልኩን ብቻ አስቀርቷል።

አንዴ በዚህ መንገድ የገባ ሰው ቶሎ መውጣት አይሆንለትም። ሀብት የሚጻፈው በሃሌታው ሀ ነው፤ ሐዘን፣ ሕመምና ሐሰት ግን በሐመሩ ሐ ነው። ሕግም በሐመሩ ነው። ሒሳብም በሐመሩ ነው፤ የሚያስገርመው ግን አዋጁ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ የማያስገድደው ነጋዴ ባለ ሐመሩ ሐ መሆኑ ነበር። ጉዳዩ በዚህም አያበቃም፤ በቤተ ልሔም አንድ ጊዜ ያስመሰከረ መሪጌታ እስከ ዕለተ ሞቱ መሪጌታ ሆኖ ይኖራል እንጂ፣ ድጓውን እንደ ንግድ ፈቃድ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት፣ ከጥር 1 በኋላ ደግሞ ከነቅጣቱ እንዲያሳድስ የሚጠይቀው የለም። ጨውና ክብሪት የምትሸጠዋ ሴት ግን ነጋዴነቷን በየዓመቱ ታስመሰክራለች።

የጨዋታው ወሰን እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሐምሌም የሚጻፈው በሐመሩ ሐ ነው። በሦስቱ ደረጃዎች ዘመን ደረጃ «ሀ» ግብሩን አስታውቆ እንዲከፍል እስከ ጥቅምት 30 አራት ወር፣ ደረጃ «ለ» እስከ ጳጉሜን 5 ሁለት ወር ከአምስት ቀን ሲሰጣቸው፣ ለደረጃ «ሐ» የተሰጠው ሐምሌ ብቻ ነበር። ምክንያቱ ሲጠየቅ ትልቁ ነጋዴ መዝገቡን ዘግቶ ሒሳቡን ማስመርመር አለበት፣ ትንሹ ግን በግምት ስለሚከፍል ጊዜ አያስፈልገውም የሚል ነበር። ይህ ሒሳብ ለመሥራት የሚፈጀውን ጊዜ እንጂ ገንዘብ ለማግኘት የሚፈጀውን ጊዜ ያላየ አነጋገር ነው። በደብረ ታቦር ዙሪያ ባለው በፋርጣ ሐምሌ ማለት የጉና ተራራ በጉም የተሸፈነበት፣ የገጠሩ መንገድ ጭቃ የሆነበት፣ የገበሬው ጎተራ የተራቆተበትና የሱቁ ደብተር በዱቤ የተሞላበት ወር ነው፤ ዱቤው የሚመለሰው ገብሱ ከታጨደ በኋላ ነው። ስለዚህ ማንም በማይከፍላት ወር ክፈይ የተባለችው የሱቋ ባለቤት ነበረች፤ አበባው ፈክቶ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ገበያው ደርቶ እንዲከፍል የተፈቀደለት ግን ባለ ሀብቱ ነበር። ሕግ ለአቅመ ደካማ የሚያዝን ከሆነ ቀነ ገደቡን ሲያወጣ ተገልብጦ ነበር ማለት ነው፤ ይህንንም ለማየት ጃንጥላ ይዞ አንድ ቀን ገበያ መውጣት ይበቃ ነበር። ግምቱም ቢሆን ቀላል አልነበረም፤ በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት ሲነገር በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች እስከ መዘጋት የደረሱት በዚሁ ደረጃ ባሉ ነጋዴዎች ላይ በወደቀው ቁጥር ነበር።

በሌላ በኩል ግብር ያለ ምክንያት እንዳልመጣ ማስታወስ ይገባል። ራስ ጉግሣ ከቆረቆሯት ከደብረ ታቦር በላይ ይህን የሚያስታውስ ከተማ አይገኝም፤ በመሳፍንቱ ዘመን ግብር የሚለው ቃል ገባሪው የሚያስገባውንም መኳንንቱ በአዳራሽ የሚያበሉትንም ድግስ ያመለክት ነበርና። ዛሬ የመጀመሪያው ትርጉም ጸንቶ ሁለተኛው ለሠርግ ቀርቷል።

የፊደሉ ነገር ደግሞ ሳይታሰብ መላ አገኘ። የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ሦስቱን ደረጃዎች ሁለት አድርጎ ወሰኑን 2 ሚሊዮን ብር ላይ ሲያቆም፣ ሐመሩ ሐ ከግብር ሥራ በጡረታ ተሰናበተ፤ ትንሹ ነጋዴም «ለ» ተብሎ ከመስኮቱ ፊት መከራከር ቀረለት። ብዙኃኑ ኀ ግን በፊትም ደረጃ አልነበረውም፤ ምናልባት በጉልት ድንችና ሽንኩርት ዘርግተው የተቀመጡት፣ ስማቸው በየትኛውም ደረጃ ያልተጻፈ ሴቶች ድርሻ ይሆን ነበር፤ ነገር ግን ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ጥናት ይሻል። እስከዚያው ድረስ በሐምሌ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ አንባቢ ቢቻለው ሐመር፣ ባይቻለው ጃንጥላ መያዙን አይርሳ።