ሁለት ሪዞርት፣ አንድ እረፍት

ቤተሰብ ይዞ ለእረፍት የወጣ ብልህ ሰው አንድ ሪዞርት ላይ አይረጋም። ልጆቹ የላንጋኖን ቡናማ ውኃ ገና ሲለምዱት ሻንጣ ይሸከፋል፤ ሐዋሳ ይሻላል ተብሏላ! እርጥብ የዋና ልብስ በፌስታል ይቋጠራል፤ የአንዱ ልጅ ነጠላ ጫማ አልጋ ሥር ይቀራል። የመጀመሪያው ሆቴል ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ያስወጣል፣ ሁለተኛው 8 ሰዓት ላይ ያስገባል፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ ሻሸመኔ ላይ በነፃ የሚሰጥ መዝናኛ ነው። አንዴ መቀየር እረፍቱን እጥፍ ካደረገው፣ በየቀኑ መቀየር ምንኛ ያሳርፍ! ከሁሉም የሚበልጠው ግን ክፍል ጨርሶ አለመያዝ ነው፦ ሻንጣው እንደተጫነ ይሰንብት፣ እማማ ከኋላ ወንበር ይረፉ፣ ቁርስም በየማደያው ይበላ። ድካሙስ? እሱን ሰኞ ቢሮ ገብተን እናራግፈዋለን።