ድንጋዩም በመኪና ነው የመጣው

አልበርት ሃሞንድ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው ዘፈን ደቡብ ካሊፎርኒያ ዝናብ የሚባል ነገር እንደማያውቅ ዓለምን አሳምኗል። ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጣው እንግዳም ካመኑት አንዱ ነው። ሻንጣው በርበሬ፣ ሽሮና ቡና ጠቅጥቆ ይዟል፤ ጃንጥላ ግን የለውም።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2024፣ ከፓስፊክ የመጣው ማዕበል ሎስ አንጀለስ ላይ ተዘረገፈ። ዳውንታውን በዚያ ቀን ብቻ 104 ሚሊ ሜትር ዝናብ ተለካ። ከ1877 ጀምሮ በተያዘው መዝገብ ከአሥሩ እጅግ ዝናባማ ቀኖች አንዱ ሆነ። ሰኞ ሲጨመርበት ወደ 178 ሚሊ ሜትር ደረሰ፤ ከተማዋ በዓመት ከምታገኘው ግማሽ ያህሉ መሆኑ ነው። የካሊፎርኒያው ገዥ ጋቪን ኒውሰም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ዐወጁ። ባለሥልጣናቱም ሕዝቡ ከመንገድ እንዲርቅ ይማጸኑ ጀመር።

እንግዳው ክትፎ ያማረው በዚያችው እሑድ ነው። ያውም በእግር ሄዶ።

«ለዚች ነው አዋጅ የሚያውጁት?» አለ በመስኮት አሻግሮ እያየ። «ሐምሌን ያላየ!»

እርግጥ አዲስ አበባ ሐምሌንም ነሐሴንም በየወሩ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ታወርዳለች፤ ግን ለወሩ አከፋፍላ ነው። ይህን ሊያስረዳው የሞከረው ጓደኛው ዳውንታውን ዳር የሚኖር፣ ጥግ ላይ ያለው ሱቅ ለመድረስ እንኳ መኪና የሚያስነሳ ነባር ነው።

«ከመንገድ ራቁ ተብሏል እኮ!»

«መኪና አታውጡ ነው ያሉት። እግር አታውጡ ያለ አለ?»

ወጡ። በዊልሸር ጎዳና ከዳውንታውን የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶቹ እስካሉበት እስከ ፌርፋክስ ጎዳና ወደ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ማክአርተር ፓርክ ሲደርሱ ነባሩ፣ ጎዳናው ፓርኩን ለሁለት ከፍሎ በሐይቁ ዳር እንደሚያልፍ ሊያሳየው ፈለገ። በዚያ ቀን ግን የቱ ሐይቅ፣ የቱ ጎዳና እንደሆነ መለየት ለራሱም ቸገረው። የሚያልፍ መኪና ሁሉ አንድ ባልዲ ውኃ እየመረቀላቸው ሄደ። አንዲት ሴትዮ ቆማ መስኮቷን ዝቅ አደረገችና «ደኅና ናችሁ? መኪናችሁ ተበላሽቶ ነው?» አለቻቸው። ደኅና ነን ቢሏትም አላመነቻቸውም።

መብራት ላይ ነባሩ ቀዩ እስኪለቅ ይቆማል። መኪና የለ፣ ሰው የለ፤ እሱ ብቻ እየበሰበሰ ይጠብቃል። ካሊፎርኒያ ከ2023 መጀመሪያ አንስቶ፣ እግረኛው የቅርብ አደጋ ካልፈጠረ በቀር ያለ ዜብራ ወይም በቀይ መብራት በመሻገር መቅጣቷን ትታለች። ነባሩ ሕጉን ያውቀዋል፤ እግሩ ግን ገና አልሰማም። ሜክሲኮ አደባባይ በሚኒባስ መሃል እየተሹለከለከ ያደገው እንግዳ ማዶ ሆኖ «ና እንጂ!» ይለዋል።

ዌስተርን ጎዳና ሲደርሱ የምድር ባቡር ጣቢያ አዩ።

«ይሄ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከዳውንታውን። እስከዚህ ድረስ ከሥራችን ነበር።»

«ታዲያ ምነው አልነገርከኝም!»

«እግር አልክ እኮ! ደግሞ እኔም ተሳፍሬበት አላውቅ።»

ባቡሩ ዌስተርን የደረሰው በ1996 ነው። በዚያች እሑድም ከዚያ አላለፈም ነበር፤ ወደ ምዕራብ የሚቀጥለው መስመር ገና ይሠራ ነበር። የቀረውን በአውቶቡስ ለመጨረስ ነባሩ ለመነ። እንግዳው እምቢ አለ፤ ክብር የሚባል ነገር አለ። ያበረታታሁ ብሎ ነባሩ አንድ ወሬ ጣል አደረገለት፦ ማይክል ሽናይደር የተባለ ጋዜጠኛ በ2006 ሰዎች አስከትሎ ዊልሸርን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ እስከ ሳንታ ሞኒካ ባሕር ድረስ በእግሩ ሄዶታል፤ ከዚያ ወዲህም ጉዞው በየዓመቱ ይደረጋል። ሳይናገር ቢቀር ይሻለው ነበር። እንግዳው ወዲያው «ባሕሩ ስንት ይቀረዋል?» ማለት ጀመረ።

ደግነቱ ፌርፋክስ ተቃርቧል። እዚያው አካባቢ የከተማዋ ትልቁ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ግቢ ውስጥ 340 ቶን የሚመዝን ድንጋይ ተቀምጧል። በ2012 ከሪቨርሳይድ አካባቢ የድንጋይ ካባ ተነስቶ፣ እልፍ ጎማ በተገጠመለት ልዩ ተሸካሚ ላይ ሆኖ፣ ሌሊት ሌሊት እየተጓዘ በ11 ሌሊት ወደ 170 ኪሎ ሜትር ተጉዟል። የመጨረሻውን መንገድ የመጣውም በዚሁ በዊልሸር ነው፤ ሕዝቡም ወጥቶ በጭብጨባ ተቀብሎታል።

«አየህ፣» አለ ነባሩ ጫማውን አውልቆ ውኃውን እየደፋ፣ «እዚህ አገር ድንጋይ እንኳ በእግሩ አይመጣም።»

ማዕዘኑ ላይ ደግሞ የፒተርሰን የመኪና ሙዚየም ቆሟል፤ መኪኖቹ ጣሪያ ሥር፣ ደረቅና የተወለወሉ። እንግዳው በመስታወት አጮልቆ አየና ምንም አልተናገረም።

ከዚያ ወደ ደቡብ ታጥፈው ኦሎምፒክን ሲሻገሩ ሊትል ኢትዮጵያ ይጀምራል። ምግብ ቤቶቹ ቀድመው የተሰባሰቡበት ሰፈር ነው፤ የከተማው ምክር ቤት ስሙን ያጸደቀለት በ2002 ነው። ሰፈሩ አጭር ነው፤ ግን የበርበሬና የቡናው ሽታ በዝናብ ውስጥ እንኳ ከሩቅ ይጠራል። ገና በሩን ሲከፍቱ አስተናጋጇ ደነገጠች።

«እንዴ! በስብሳችኋል እኮ! የት ነው ፓርክ ያደረጋችሁት?»

«በእግራችን ነው የመጣነው።»

«እሱማ ገባኝ፤ መኪናውን የት አቆማችሁት ነው የምለው?»

ነባሩ ማስረዳቱ አድካሚ ሆነበትና «ራቅ አድርገን» አላት። እንግዳው ክትፎውን ጥሬ፣ እሱ ለብለብ አዘዘ። የመጀመሪያውን ጉርሻ እየተጎራረሱ ሳለ የነባሩ ባለቤት ከሥራ ቦታዋ ደወለች። ስትደውል ውላለች፤ ስልኩ ግን በላስቲክ ተጠቅልሎ ኪስ ውስጥ ነበር።

«የት ጠፍተህ ነው ስልክ የማታነሳው?»

«ትራፊክ ይዞኝ ነው።»

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ይህን ምክንያት የሚመረምር ሰው የለም።

«በል ቀስ ብለህ ንዳ፣» አለችው፤ «መንገዱ ያዳልጣል።»

«እሺ፣ ቀስ እላለሁ» አላት አፉ እንደሞላ።